የተከራየው ነገ

ዲዝኒላንድ በካሊፎርኒያዋ አናሃይም ከተማ በሩን ከከፈተበት ከጁላይ 17 ቀን 1955 ወዲህ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ብዙ መጫወቻ ሠርቶ ብዙ አፍርሷል። የፈረሱትን የሚያስታውስ ሰው ግን አልጠፋም። ስለነሱ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ በጊዜው በካሴት የተቀዳ የተራኪ ድምፅ ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል፤ በልጅነታቸው የተሳፈሩበትን መጫወቻ በኮምፒውተር ሥዕል ክፍል በክፍል መልሰው የገነቡም አሉ። ይህ ናፍቆት ለሁሉም ሰፈር እኩል አልደረሰም። ፓርኩ ውስጥ የምዕራብ አሜሪካ ሰፋሪዎችን ዘመን የሚያሳይ ክፍል አለ፣ የተረት ክፍል አለ፣ የጫካ ወንዝ አለ፤ ከእነዚህም የጠፋ ነገር አለ። አብዝቶ የሚናፈቀው ግን «ቱሞሮውላንድ» በተባለው፣ መጪውን ዘመን ሊያሳይ በተሠራው ክፍል የነበረው ነው። ለምን ሲባል የሚሰጠው መልስ የተለመደ ነው። ያለፈ ዘመን አንዴ አልፏልና ከእንግዲህ አያረጅም፤ መጪው ዘመን ግን ሲደርስ የተነበየለትን ያሳፍራል ይባላል። ከዚህ የሚከተል ሌላ መልስም አለ፦ ያኔ ሰው በነገ ያምን ነበር፣ ዛሬ እምነቱ ጠፍቷል፣ ናፍቆቱም ለእምነቱ ነው የሚል። ሁለቱም መልሶች ለጆሮ ይጥማሉ፤ ሁለቱም ግን ገንዘቡ ከየት ይመጣ እንደነበር ሳይጠይቁ የተሰጡ ናቸው። የዲዝኒላንድ ነገ ተከራይ የሚኖርበት ቤት ነበር። ኪራዩን የሚከፍሉት የኬሚካል፣ የኤሌክትሪክ፣ የጎማና የአውሮፕላን ኩባንያዎች ናቸው። እነሱ ሲወጡ ቤቱ እድሳት አጣ፤ ውሎ አድሮም ለሌላ ተሰጠ። የአንድ ትውልድ ተስፋ ተብሎ የሚታወሰው ነገር በአብዛኛው የማስታወቂያ በጀት ነበር ብዬ ለመከራከር የምደፍረው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩ ከገንዘብ እጥረት ይጀምራል። ዋልት ዲዝኒ ፓርኩን ሲያስብ ሐሳቡ ለወንድሙና ለገንዘብ ኃላፊው ለሮይ እንኳ መጀመሪያ ላይ አልተዋጠለትም። እጁን የዘረጋው ከተፎካካሪዎቹ ኋላ ይከተል የነበረው የቴሌቪዥን ጣቢያ ኤቢሲ ነው። በ1954 ጣቢያው 500 ሺህ ዶላር አዋጣ፣ ለ4.5 ሚሊዮን ዶላር ብድር ዋስ ሆነ፤ በምላሹ ከፓርኩ ሲሶ ያህል ድርሻና ሳምንታዊ የዲዝኒ ፕሮግራም አገኘ። ይህም አልበቃም። የብርቱካን እርሻ ተመንጥሮ በአንድ ዓመት ውስጥ የተሠራው ፓርክ 17 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ፈጀ። ገንዘብና ጊዜ ሲያጥር ወደ ኋላ የተገፋው ቱሞሮውላንድ ነበር፤ ጭራሽ ሳይከፈት ይቆይ የሚል ሐሳብም ተነሥቷል። የሃሊ ጅራታም ኮከብ የሚመለስበትን 1986ን ያሳያል የተባለው ሰፈር ሲከፈት ያላለቀው ቦታ በባንዲራና በፊኛ ተሸፍኖ ነበር። ባዶውን የሞሉት ኩባንያዎች ናቸው። ሞንሳንቶ የኬሚስትሪ አዳራሽ አቆመ። ካይዘር ስለሚያመርተው አሉሚኒየም የሚናገር ሌላ አዳራሽ ከፈተ። አሜሪካን ሞተርስ ተመልካቹን ከዙሪያው የሚከብ ፊልም አሳየ። ቲደብልዩኤ የተባለው አየር መንገድ ስሙን 23 ሜትር ግድም ቁመት ባለው የጨረቃ ሮኬት ላይ አስጻፈ። የነዳጅ ኩባንያው ሪችፊልድ ልጆች ትንንሽ መኪና የሚነዱበትን ኦቶፒያን ያዘ። በ1956 ደግሞ የቧንቧ ዕቃ አምራቹ ክሬን የመጪውን ዘመን መታጠቢያ ቤት ይዞ መጣ፤ እሱን የሚናፍቅ ሰው ካለ እስካሁን ድምፁን አላሰማም። አዲስ አበባ ውስጥ ስፖንሰሩ ሲሄድ ታሪኩ ሳይቋጭ የሚቋረጥ የቴሌቪዥን ድራማ የሚያውቅ አንባቢ አሠራሩን ለመረዳት አይቸገርም። ልዩነቱ እዚህ የሚቋረጠው ከብረትና ከሲሚንቶ የተሠራ መሆኑ ነው።

ከተከራዮቹ መካከል ምሳሌ የሚሆነን ሞንሳንቶ ነው። በ1957 ከማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም ጋር ተባብሮ የመጪው ዘመን ቤት የተባለ የፕላስቲክ መኖሪያ ሠራ። ከመሀል ምሰሶ ተነሥተው በአየር ላይ የተንሳፈፉ አራት ክንፎች ነበሩት፤ ግድግዳውም ጣሪያውም ወንበሩም ከፕላስቲክ ነው። ጎብኚው ወጥ ቤት ሲገባ ማይክሮዌቭ ምድጃ ያያል፣ መታጠቢያው ጋ ከፍና ዝቅ የሚል ገንዳ ያገኛል። በአሥር ዓመት ውስጥ ከ20 ሚሊዮን በላይ ሰው እንዳየው ይነገራል። ሲፈርስ የሆነው ደግሞ እንደ ገድል ይተረካል፦ የማፍረሻው የብረት ኳስ ግድግዳውን እየመታ ነጥሮ ተመለሰ፤ በአንድ ቀን ያልቃል የተባለው ሥራ በመጋዝ እየተቆራረጠ ሁለት ሳምንት ያህል ወሰደ። ናፋቂዎች ይህን ሲያወሩ ነገ አልሞትም ያለ ያስመስሉታል። እኔ ከታሪኩ የምወስደው ሌላ ነው። ኳስ የመለሰ ቤት አርጅቶ ፈረሰ ሊባል አይችልም። ውስጡ የነበረውም ገና አላረጀም ነበር፤ ለመኖሪያ ቤት የሚሆን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጥ ማይክሮዌቭ በአሜሪካ ገበያ የወጣው ቤቱ በፈረሰበት በዚያው በ1967 ነው። ትንቢቱ ሊፈጸም ደጅ ላይ ሳለ ነቢዩ ተባረረ። የተለወጠው የከፋዩ ፍላጎት ነው፤ ሞንሳንቶ በዚያው ዓመት ገንዘቡን ይዞ ጥቂት እርምጃ ወዲያ ወዳለ ሌላ መጫወቻ ተዛውሯል።

ያ ሌላ መጫወቻ ዛሬ ከጠፉት ሁሉ አብዝቶ የሚለቀስለት ነው። «አድቬንቸር ስሩ ኢነር ስፔስ» ይባላል፤ ወደ አቶም ውስጥ የሚደረግ ጉዞ ነው። ተራውን የሚጠብቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግዙፍ ማይክሮስኮፕ ነው። ሰው የጫኑ ሰማያዊ ወንበሮች በአንዱ ጫፍ ይገባሉ፤ በሌላው ጫፍ በመስታወት ቱቦ ውስጥ ጣት የሚያካክሉ ሰዎች ተቀምጠው ሲያልፉ ይታያሉ። ሰልፈኛው ከፊቱ የነበሩት ሰዎች ሲያንሱ እንዳየ ያምናል፤ ቀጥሎ ተራው የእሱ ነው። ውስጡ ጨለማ ነው። የበረዶ ቅንጣት እየገዘፈ ይመጣል፣ ቅንጣቱ ወደ ሞለኪውል፣ ሞለኪውሉ ወደ አቶም ይለወጣል፤ ፖል ፍሪስ የተባለው ተዋናይ በሳይንቲስት አፍ መጀመሪያ እየተደነቀ፣ ቆይቶም እየፈራ ይተርካል፤ ኒውክሊየሱ ውስጥ ልግባ አልግባ ብሎ ይመለሳል። ወደ መውጫው ሲደረስ በማይክሮስኮፑ ቁልቁል የሚመለከት ግዙፍ ዓይን አለ። ወንበሮቹ ሳይቆሙ ተከታትለው የሚሄዱና ተሳፋሪውን ማየት ወዳለበት አቅጣጫ የሚያዞሩ ናቸው፤ ዘዴው መጀመሪያ የተሞከረው እዚህ ሲሆን፣ በ1969 ለተከፈተው የመናፍስት ቤት ተወስዶ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ይህ ሁሉ ግሩም ሥራ ነው፤ ግሩምነቱን የሚክድ ሰው ክርክር ውስጥ ባይገባ ይሻላል። ሆኖም ፓርኩ ያኔ ለእያንዳንዱ መጫወቻ በፊደል ደረጃ የወጣለት ኩፖን ይጠይቅ ነበር፤ ከ1959 ጀምሮ ውዱ ኩፖን «ኢ» ነው። ወደ አቶም የሚወስደው ጉዞ ግን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ኩፖን አይጠየቅበትም ነበር። ነጻ የሆነው የተሳፋሪውን ሒሳብ ሞንሳንቶ ስለዘጋ ነው። ጉዞውም በዓይኑ አያበቃም። ዓይኑን ያለፈ ሰው ከወንበሩ ወርዶ የሚገባው የኩባንያው ምርቶች በተደረደሩበት አዳራሽ ነው፤ ከጆሮው የማይወጣው ዘፈንም ሞለኪውል የሚሠራቸውን ተአምራት የሚያወድስ ነው። የበረዶ ቅንጣቱ ልጁን፣ አዳራሹ አባቱን ይጠብቅ ነበር።

የጄኔራል ኤሌክትሪክ ጉዳይ ደግሞ ኪራዩን ከዚህም በላይ በግልጽ ያሳያል። ዲዝኒ ለ1964 እና 1965ቱ የኒውዮርክ የዓለም ትርዒት አራት ትልልቅ ሥራዎችን ሠርቷል፤ የአንዱም ከፋይ ራሱ አልነበረም። ፎርድ፣ ፔፕሲ፣ የኢሊኖይ ግዛትና ጄኔራል ኤሌክትሪክ ከፈሉ። የመጨረሻው «ካሩሴል ኦቭ ፕሮግረስ» ነው፦ መድረኩ ባለበት ቆሞ ተመልካቹ የተቀመጠበት አዳራሽ በዙሪያው የሚዞርበት ቲያትር። አንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ከኤሌክትሪክ በፊት ከነበረው ዘመን ተነሥቶ እስከ ዛሬ ሲኖር ይታያል፤ በየትዕይንቱ ቤቱ ውስጥ ዕቃ ይጨመራል፤ አባትየው (በማሽን የሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ነው) ስለ ዕቃው ይቀልዳል። ለኩባንያው እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አልነበረም፤ የዲዝኒላንድን የመክፈቻ ቀን በቴሌቪዥን ካስተላለፉት አንዱ የሆነው ሮናልድ ሬገን በዚያው ዘመን የጄኔራል ኤሌክትሪክን የቲያትር ፕሮግራም የሚያቀርብ ደመወዝተኛ ነበር። ቲያትሩ በ1967 ወደ አናሃይም መጣ፤ ፎቅ ላይ ዋልት ዲዝኒ ከመሞቱ በፊት ያሰባት ከተማ በትንሹ ተሠርታ ትታይ ነበር። በሴፕቴምበር 1973 ተዘጋ። ሰው ጠልቶት አይደለም። ጄኔራል ኤሌክትሪክ ካሊፎርኒያ ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው ያው ሰው መሆኑን አይቶ፣ አዲስ ዓይን ፍለጋ ቲያትሩን ከነቤተሰቡ ወደ ፍሎሪዳው ዲዝኒ ወርልድ አስወሰደው፤ በጃንዋሪ 1975 እዚያ ተከፈተ። ተከራይ ዕቃውን ጭኖ ሄደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ የመጀመሪያው ተቃውሞ ይመጣል፦ ይህ ሁሉ እውነት ቢሆን እንኳ መጪው ዘመን ያረጃል፣ ያረጀ ነገር ደግሞ ይጠፋል። ለዚህ ከሁሉ የሚጠቅመው ማስረጃ የጨረቃው ሮኬት ነው። በ1955 ወደ ጨረቃ ያበር የነበረው መጫወቻ በ1967 ታድሶ፣ ማክዶኔል ዳግላስ በተባለው የአውሮፕላን አምራች ስም ሲቀጥል፣ በሁለተኛው ዓመት ሰው እውነተኛዋን ጨረቃ ረገጠ። መጫወቻው በእውነታ ተቀደመ። ሆኖም ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? ያው አዳራሽ፣ ያው ክብ አቀማመጥ፣ ከጨረቃ ማረፍ በኋላም ዓመታት ሠርቶ በ1975 ፊልሙና ስሙ ተለውጦ ወደ ማርስ መብረር ጀመረ፤ እስከ 1992 ድረስ በረረ። ማርጀት መድኃኒት ነበረው፤ መድኃኒቱም ርካሽ ነው። ሌሎቹ ማስረጃዎች ደግሞ ተቃውሞውን ጭራሽ ይገለብጡታል። ኦቶፒያ የተከፈተው የአሜሪካ የፌዴራል አውራ ጎዳናዎች ሕግ ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት ነው። መኪና የሚነዳበት ሰፊ መንገድ ያኔ ተስፋ ነበር፤ ለዛሬው የሎስ አንጀለስ ነዋሪ የየዕለት ስቃይ ነው። ከዚህ ይበልጥ ያረጀ ነገ አይገኝም፤ ኦቶፒያ ግን አለ። በ1959 የተዘረጋው ባለ አንድ ሐዲድ ባቡርም አለ። የጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተሰብ ፍሎሪዳ ውስጥ የትናንትን ነገ እያወራ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። ስለዚህ ማርጀት ብቻውን አይገድልም። እንዲያውም ያረጀ ነገ፣ የሚያድሰው ካገኘ፣ እንደ ጥንት ዕቃ ይወደዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የእኔን ክርክር በቀጥታ የሚነካ ስለሆነ ይከብዳል። ስፖንሰሩ ሲሄድ መጫወቻው ወዲያው አልሞተም ይላል። ሞንሳንቶ ከአቶሙ ጉዞ የወጣው በ1977 ነው፤ መጫወቻው የተዘጋው በ1985። የጎማ አምራቹ ጉድይር «ፒፕልሙቨር» የተባለውን፣ ሐዲዱ ውስጥ በተቀበሩ የሚሽከረከሩ ጎማዎች እየተገፋ በሰፈሩ ላይ ዝግ ብሎ የሚዞረውን ባቡር የተወው በ1980ዎቹ መባቻ ነው፤ ባቡሩ እስከ ኦገስት 1995 ዞረ። ኦቶፒያም ስፖንሰር ያልነበረው ረጅም ዘመን አለው። ትክክል ነው። ነገር ግን ተከራይ የወጣበት ቤት በማግሥቱ አይፈርስም፤ ጣሪያው ሲያፈስ የሚደፍነው ያጣል እንጂ። ኦቶፒያ የሚታደስ ታሪክ የለውም፤ ልጅ መሪ እስከጨበጠ ድረስ ይበቃዋል። ፒፕልሙቨርና የአቶሙ ጉዞ ግን ድምፅ፣ ብርሃን፣ ትዕይንት ያላቸው ናቸው፤ በየጊዜው ገንዘብ ይጠይቃሉ። በዚህ ላይ ፓርኩ በ1982 ኩፖኑን ትቶ ሁሉን በአንድ የመግቢያ ዋጋ አደረገው። እንደ እኔ ግምት ይህ ውሳኔ ለጸጥተኛ መጫወቻዎች ከማናቸውም በላይ ጎጂ ነበር። በኩፖን ዘመን ትንሽ መጫወቻም የራሷን ሳንቲም ታስገባለች፤ ስፖንሰር ሲኖርም ኪራይ ታመጣለች። ኩፖኑም ስፖንሰሩም ሲቀሩ ሰው አናሃይም ድረስ የሚመጣው ለእርሷ ሲል ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ብቻ ይቀራል። ለዝግተኛ ባቡር ሲል ከሌላ ከተማ የሚመጣ የለም። በ1998 ሰፈሩ ሲታደስ በፒፕልሙቨር ሐዲድ ላይ «ሮኬት ሮድስ» የሚባሉ ፈጣን መኪኖች ተለቀቁ፤ ሩብ ሰዓት ይፈጅ የነበረውን ዙር በሦስት ደቂቃ ግድም ጨረሱት። ሐዲዱን ለፍጥነት በሚስማማ መንገድ ኩርባው ላይ ዘንበል አድርጎ ለመሥራት ግን ገንዘብ አልተመደበም። መኪኖቹ በየኩርባው ፍሬን እየያዙ፣ ጎማ እየበሉ፣ በሴፕቴምበር 2000 ቆሙ። ሐዲዱ ከዚያ ወዲህ ባዶውን ነው። ለናፋቂዎች ሐዘን ዋናው ምንጭ ይህ ሐዲድ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም የጠፋው ነገር አስከሬን ከነአልጋው ይታያል።

ፍሎሪዳ ውስጥ ያው ዓይነት ባቡርና ያው ዓይነት ቲያትር ለምን እንደተረፉ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ ጄኔራል ኤሌክትሪክ እዚያም በ1985 ወጥቷልና። መልሱ መሬት ነው። ዲዝኒ ፍሎሪዳ ላይ የገዛው 27 ሺህ ኤከር ገደማ ይሆናል፤ አናሃይም የጀመረው በ160 ኤከር ነው፣ ዙሪያውንም ሞቴልና ምግብ ቤት ወዲያው ከበበው። ሰፊ መሬት ያለው አከራይ ተከራይ ያጣ ክፍል ዘግቶ ወይም ክፍት ትቶ ሊያቆይ ይችላል። ጠባብ መሬት ያለው አይችልም፤ እያንዳንዷ ጥግ ወረፋ የሚጠብቅ አላት። ይህን ካልን ሌላም እንመን። ስፖንሰር ያልነበራቸው፣ በሌላ ምክንያት የሞቱ መጫወቻዎች አሉ። ሰው ጭነው በሰው ሠራሽ በረሃ ያልፉ የነበሩት በቅሎዎች በ1973 ተሰናበቱ፤ በቅሎ ደክሟት የቆመች ጊዜ ሰልፉ ሁሉ ይቆማል፣ አንዳንዴም ትነክሳለች። በዚያው በረሃ የሚያልፈው ዝግተኛ የማዕድን ባቡር በ1977 ተዘግቶ ቦታው በ1979 ለፈጣኑ «ቢግ ተንደር» ተሰጠ። በአየር ትራስ ላይ የሚንሳፈፉት የበራሪ ሳህን መኪኖች ከ1961 እስከ 1966 ብቻ ኖሩ፤ ሥራቸው ብልሽት ይበዛው ነበር። በገመድ የሚጓዙት ባልዲዎች በ1994 ወረዱ። ክርክሬ እነዚህን አይመለከትም። ስለ በቅሎዎቹ ሲወራ ግን ስለጠፋ የትውልድ እምነት ማንም አያነሣም፤ ስለ በቅሎ ነው የሚወራው። ትልቅ ትርጓሜ የሚጫነው በኩባንያ ገንዘብ በተሠራው ነገ ላይ ብቻ ነው።

ያ ትርጓሜ እንዴት እንደሚሳሳት ለማየት 1967ን መልሶ ማየት ይበቃል። አዲሱ ቱሞሮውላንድ የተመረቀው በጁላይ 2 ነው። በዚያው ወር የኒዋርክ ከተማ በሁከት ተቃጠለች፣ ከዚያ ዲትሮይት፤ ዲትሮይት ብቻዋን 43 ሰው ሞተባት። የቬትናም ጦርነት እየሰፋ ነበር። ይህን ዘመን አሜሪካ በነገ ትተማመንበት የነበረ ዘመን ብሎ መጥራት፣ የግድግዳ ማስታወቂያ አይቶ ስለ ቤተሰቡ ጸባይ እንደ መመስከር ነው። ማስታወቂያውን የሰቀሉትም ቢሆኑ ተጨንቀው ነበር። ሬቸል ካርሰን ስለ ፀረ ተባይ ኬሚካል ጉዳት የጻፈችው መጽሐፍ በ1962 ሲወጣ ሞንሳንቶ ያለ ኬሚካል ዓለም በነፍሳት ስትወረር የሚያሳይ የፌዝ ጽሑፍ አሳትሞ መልሷል። ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ኩባንያ ልጆችን አሳንሶ ወደ ሞለኪውል ውስጥ በነጻ ማስገባቱ ጥርጣሬ ካለበት ገበያ ጋር የሚደረግ ድርድር አድርጌ እንዳየው ያስገድደኛል። እምነቱ ሞልቶ ቢፈስ ኖሮ ይህን ያህል ገንዘብ ለማሳመን ባልወጣ ነበር። «ልጁ ግን አርማውን አላየም፤ የበረዶውን ቅንጣት ነው ያየው» የሚል ሰው ልክ ነው። የልጁ መደነቅ እውነተኛ ነው፤ ማንም ይክፈልለት። ትዝታው ስለ ልጁ ይመሰክራል፤ ስለ ወላጆቹ ዘመን እምነት ግን ለመመስከር አቅም የለውም። የሠሩት ሰዎችም ቢሆኑ ከገንዘቡ በላይ ነገር ጨምረውበታል። ያ ትልቅ ዓይን ለሽያጭ የሚጠቅመው ነገር አልነበረም፤ ኩባንያው የከፈለው ለማሳያ አዳራሹ ሲሆን ሠዓሊዎቹና መሐንዲሶቹ ግን ከአዳራሹ በፊት ያለውን መንገድ ሠሩ። የሚናፈቀው ይህ ትርፍ ነው ብንል ከእውነቱ ብዙ አንርቅም።

ቀጥሎ የመጣው ተከራይ ማን እንደሆነ ማየት ክርክሩን ይሞላዋል። በአቶሙ ጉዞ ቦታ በጃንዋሪ 1987 የተከፈተው «ስታር ቱርስ» ነው፤ ከስታር ዋርስ ፊልሞች የተወሰደ። የከረሜላ ብራንዱ ኤም ኤንድ ኤም ስሙን ለጥፎበት ነበር፤ ግን ታሪኩ ስለ ከረሜላ አልነበረም፣ ስለ ፊልሙ ነው። (የድሮው ማይክሮስኮፕ በአዲሱ መጫወቻ ፊልም ውስጥ ለአፍታ ብልጭ ይላል፤ ሠሪዎቹ የቀደመውን አልረሱም።) በ1998 ከሥራ የወጡት የሰፈሩ ሰርጓጅ መርከቦች በ2007 ሲመለሱ ኒሞ የተባለውን ዓሣ ፊልም ይዘው ነው። የጨረቃውና የማርሱ አዳራሽ ፒዛ ቤት ሆነ። ኪራዩን የሚከፍለው አሁን የራሱ የዲዝኒ ፊልም ነው፤ ከኪራዩም የሚጠበቀው ያው ነው፣ ተሳፋሪውን ወደ ዕቃ መሸጫው ማድረስ። አንድ ጊዜ ግን የድሮው አሠራር ተመልሶ ተሞክሯል። በ2008 ጄኔራል ኤሌክትሪክ ትቶት በሄደው ክብ ሕንፃ ውስጥ ማይክሮሶፍት፣ ሒውሌት ፓካርድና የቤት ሠሪው ቴይለር ሞሪሰን የመጪው ዘመን ቤት ከፈቱ፤ የሞንሳንቶን ቤት ሆን ብሎ የሚያስታውስ ነበር። ከፋዮቹ ነበሩ፣ ነገም ነበረ፣ ስክሪኑና ኮምፒውተሩም እውነተኛ ነበር። በወንበር ተሳፍሮ የሚያንስ ሰው ግን አልነበረም፤ ጎብኚው ዕቃ በተሞላ ሳሎን ውስጥ እየተዘዋወረ ያይና ይወጣል። ማሳያ አዳራሹ ተመልሶ፣ ከአዳራሹ በፊት የነበረው መንገድ ቀረ። በ2015 ሲዘጋ ያለቀሰለት ሰው ብዙ አልነበረም፤ ከዚያ ሕንፃው ለስታር ዋርስ ትዕይንት ተሰጠ።